በሚስት ደም የተመረመረ ባል

«ተጠራጠርሽኝ ማለት ነዋ!» አለ ታላቅ ወንድሜ ታሪኩ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ።

«ስለ አንተ ማን አወራ? ስለ ልጁ ነው» አለች ሚስቱ አስቴር፣ የስድስት ወር ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። «ለእርጉዝ ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ አለ።»

«ስንጋባ ተመርምረን የለ? ቤተ ክርስቲያኑ ያለ ወረቀት መቼ አጋባን?»

«ሁለት ዓመት ሆነው እኮ።»

«እና? ወረቀት ያረጃል?»

እኔ እንኳን በባልና ሚስት መካከል ልገባ፣ ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት የምፈራ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ግን እናንተዬ፣ ነገሩ ግራ አያጋባም? በእኛ አገር በኮንጋ የሠርግ ምርመራ ወረቀት እንደ ቤት ካርታ ነው። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥን ከገባ በኋላ ሌላ ምርመራ ያነሳ ሰው ትዳር አፍራሽ ይባላል። ይኸው ወንድሜ ግን ነጋዴ ነው፤ ቡና ሲገዛ ከየጆንያው ፍሬ አውጥቶ ሳይነክስ አይቀበልም፤ የገዛ አጎታችንን ቡና እንኳ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል እየነከሰ። አጎታችን አኩርፎ አያውቅም።

አስቴር ትታው ገባች። እኛ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

«እምቢ ማለት ነበረባት» አለኝ ታሪኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ለልጁ ከሆነስ ትመርመር» አለኝ። የቱን ልያዝ? ለሁለቱም ራሴን ነቀነቅኩ።

አስቴር እየሳቀች ወጣች። «ነፃ ነኝ!» አለችው።

ታሪኩ ዘሎ ተነሳ። «አላልኩሽም? በቃ፣ እኔም ነፃ ነኝ ማለት ነው!»

ተከትላት የወጣችው ነርስ ሰማችው። «ወንድሜ፣ በሚስት ደም ባል አይመረመርም። ቫይረሱ አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ግባና ያንተም ይታይ፤ ካሁን በኋላ ቢይዛት ለልጁም ይተርፋል። ቢገኝብህም መድኃኒት አለው።»

«ግባ እንጂ፣ የኔ ጌታ» አለች አስቴር፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ። «አንተን እኮ ማንም አልጠረጠረህም።»

ታሪኩ በሩን አየ። ሆዷን አየ። እኔንም አየኝ፤ ምን ላድርግለት? መርፌ ፈርቶ ይሆናል አልኩ በልቤ። ወይስ... ከ«ወይስ» በኋላ ያለውን ማሰብ አልፈለግኩም። አስቴር ግን ያሰበችው መሰለኝ፤ ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ።

«ታሪኩ?» አለችው።

ታሪኩ ኮቱን ቆለፈ፤ በአጠገባችን አልፎ ወደ አስፋልቱ ወረደ።