ስለ ጡንቻ መፍረስ የተወሰነውና የፈረሰው

ልጄን ከሩጫ ሲመለስ መኪና እንደገጨው የነገሩኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ይህ ስብሰባ የተካሄደው ከዚያ በኋላ በሰባተኛው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሩጫ ክበቡ ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው።

የተገኙ፦ ሊቀ መንበሩ፣ አሠልጣኙ፣ ሥጋ ሻጩ፣ የሯጮች ተወካይና እኔ ጸሐፊዋ። አምስት ስለሞላን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ አኩሪ አተር ከሩጫ በኋላ የጡንቻን መፍረስ ይቀንሳል ወይ?

ጥያቄው የተነሣው ከልጄ ደብተር ነው። አራት ወር ሙሉ አንድ ሳምንት የአኩሪ አተር ወተት እየጠጣ፣ አንድ ሳምንት እየተወ፣ በማግስቱ ደረጃ ሲወጣ እግሩ ምን እንደሚለው ጽፏል። መጨረሻው ላይ «የቀለለኝ ይመስለኛል፤ ግን እማዬ ስላፈላችው ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም፣ ሌሎችም ይሞክሩት» ይላል። ጸሐፊዋ ሙከራው እንዲቀጥል ጠየቀች።

ሊቀ መንበሩ «መፍረስ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ደንግጠው፣ በክበቡ ግቢ ያለ ፈቃድ የሚፈርስ ነገር እንደማይኖር አሳሰቡ። አሠልጣኙ የሚፈርሰው አጥሩ ሳይሆን ጡንቻ መሆኑን፣ ሲሮጡ በጥቂቱ እንደሚጎዳና ምግብና ዕረፍት ሲያገኝ እንደሚጠገን አስረዱ። ሊቀ መንበሩም ጥገና ከሆነ ጨረታ ይውጣ አሉ።

ሥጋ ሻጩ «ጥራጥሬ ጡንቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሥጋን የሚሠራው ሥጋ ነው» አሉ። አሠልጣኙ «ታዲያ ጋሼ፣ በሬዎ ማንን በልቶ ነው የወፈረው?» ብለው ጠየቁ። ሥጋ ሻጩ መልሳቸው በድምፀ ተአቅቦ እንዲመዘገብላቸው አመለከቱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የአባላት ጡንቻ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይፈርስ ድምፅ ይሰጥበት ተባለ። ሆኖም ሊቀ መንበሩ እሑድ ዕለት ለፎቶ ብለው ባነሡት ብረት ምክንያት እጃቸው ከትከሻቸው በላይ አልወጣ አላቸው። ግማሽ ድምፅ ተብሎ ተያዘ። ወዲያውም ሐሳባቸውን ስለቀየሩ፣ ሙከራው እንዲቀጥል፣ የመጀመሪያውም ጠጪ እሳቸው እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ሥጋ ሻጩ ዙሪያውን ቆጥረው ሰው አራት ብቻ መሆኑን አስታወቁ። የሯጮች ተወካይ የት እንዳለ ስትጠየቅ፣ ጸሐፊዋ ደብተሩ የተቀመጠበትን ወንበር አሳየች። ተወካዩ ልጄ ነበር። ስሙን ከመዝገቡ እንድሰርዝ ሦስት ጊዜ ተነግሮኛል፤ እጄ እንቢ አለኝ።

ሊቀ መንበሩ «እትዬ፣ ሁላችንም ፈራሽ በስባሽ ነን፤ ደንብ ግን ደንብ ነው» አሉ። ምልዓተ ጉባኤ ስላልነበረ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲፈርስ ተወስኖ፣ ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተበተነ።

ሥጋ ሻጩ ከበር ተመለሱ። «ያ ወተት ነገ ይኖራል? ጠዋት ልሮጥ አስቤ ነበር። ይህን እንኳ አይጻፉብኝ» አሉኝ። ጻፍኩት። እሳቸውም እስክሪብቶዬን ተቀብለው፣ በደብተሩ ላይ ከልጄ የመጨረሻ መስመር ሥር «ሁለተኛ ሰው» ብለው ጻፉ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ለመጀመሪያው ሰው ጸልዩለት።