የእድራችን አንቀጽ ሰባት

ደንብ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? ካልጻፋችሁ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ አታውቁም። ሰውዬው ዶሮ እንኳ እሽ ቢላት የማትሄድለት ቢሆን፣ ብዕሩን ቀለም ነክሮ «ማንኛውም አባል» ብሎ ሲጀምር አገር ምድሩ ከፊቱ ተሰልፎ የቆመ ይመስለዋል። እኔም በወጣትነቴ፣ ዳንግላ ውስጥ በጽሕፈት ሥራ ስተዳደር፣ ይህ በሽታ ክፉኛ ይዞኝ ነበር። የሰፈራችንን እድር ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት አንቀጽ፣ በቁም ጽሕፈት፣ አርእስቱ በቀይ ቀለም።

እድሩን የምንመራው አምስት ሰዎች ነበርን። ዳኛችን ግራዝማች ደስታ ናቸው፤ ድምፃቸው ትልቅ፣ ልባቸው ደግሞ ከድምፃቸው የሚበልጥ ሽማግሌ። አቶ አለነ ከከተማው ዳር የሚያርሱ የአገው ሰው ናቸው፤ ሲናደዱ አማርኛውን ትተው በአገውኛ ያጉተመትማሉ። አቶ ፈንታ ጨውና ላምባ ይነግዳሉ። አራተኛው እኔ፣ ጸሐፊው። አምስተኛው ገንዘብ ያዡ አቶ ሐጎስ ነበሩ።

አቶ ሐጎስ ከትግራይ የመጡ አናጢ ናቸው፤ እሳቸውም ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃንም ካቶሊኮች። እርስ በርሳቸው ካልሆነ በቀር በአገራችን አንድ ዘመድ አልነበራቸውም፤ የመረጥናቸውም ስለዚሁ ነው። ዘመድ ያለው ሰው የእድር ሣጥን ቢይዝ ምን እንደሚሆን እናንተም አታጡትም። የአጎት ልጅ በሬ ሞተበት፣ አማች ግብር ጎደለበት እየተባለ ሣጥኑ ለፋሲካ ባዶውን ይገኛል። አቶ ሐጎስን ግን በሥጋ ዝምድና ይዞ የሚለማመጣቸው አልነበረም። ብቸኝነታቸው ለእኛ ዋስትና ሆነን፤ ለእሳቸው ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

አሁን ወደ አንቀጽ ሰባት ልውሰዳችሁ። አንድ አባላችን «አክስቴ ጫግኒ ላይ አረፈች» ብሎ መጣ። ጡሩምባ አስነፋን፣ ድንኳን ተከልን፣ የቀብሩን ብር ከፈልን፣ አለቀስን። ከሦስት ወር በኋላ ሟቿ በርበሬ አስጭነው ዳንግላ ገበያ ብቅ አሉ። ያን ያህል አልቅሰንላቸው በዋጋ እንኳ ዝቅ አላሉልንም። በማግስቱ አቶ ሐጎስ ስብሰባ አስጠሩና ሐሳብ አቀረቡ፤ ከእንግዲህ የሟች ንስሐ አባት ቃል ሳይሰጥ ጡሩምባ እንዳይነፋ፣ ድንኳን እንዳይተከል፣ ሣጥኑም እንዳይከፈት። አምስታችንም ወደድነው። እኔ አሳምሬ ጻፍኩት። ከመካከላችን አንድም ሰው፣ አቶ ሐጎስ ራሳቸው ጭምር፣ «የአቶ ሐጎስ ንስሐ አባት የት ናቸው?» ብሎ አላሰበም። ቄሳቸው ያሉት የሳምንታት መንገድ ርቀው፣ ትግራይ ነው።

በዚያው ክረምት አንድ ማለዳ ወይዘሮ ለተብርሃን ሞቱ።

የዳንግላን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እስከ ቀትር ፋታ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰማዩ ይዘረገፋል። ስለዚህ ቀብሩ ከቀትር በፊት መሆን ነበረበት። ካቶሊክ ናቸውና በደብሩ ግቢ ስለማይቀበሩ ቦታውን አቶ አለነ ከማሳቸው ጥግ ሰጥተዋል። ጡሩምባው ግን አልተነፋም። በእኛ ከተማ ደግሞ ጡሩምባ ያልተነፋለት ሰው እንደ ሞተ አይቆጠርም፤ ለቀስተኛ አይወጣም፣ ቃሬዛ የሚሸከም አይገኝም። ሴትዮዋ በቤታቸው ተገንዘው ተኝተዋል፤ እኛ ግራዝማች ደጅ ተቀምጠን እንከራከራለን።

ግራዝማች በመጀመሪያ ወደ ደብራችን ቄስ ላኩ። ቄሱ «ያላናዘዝኳትን ነፍስ አውቃታለሁ ብዬ ቃል ልስጥ?» ብለው መለሱ። ምን ይፈረድባቸዋል!

«እንግዲያው አንቀጹን አሁኑኑ እናሻሽለው» አሉ ግራዝማች።

አቶ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ ለአንድ ሰው ከከፈትነው ነገ የጫግኒዋ አክስት እንደገና ትሞታለች።»

አቶ አለነ ብድግ አሉ። «እኔ በወረቀት ምን አውቃለሁ! ሴትዮዋ መሞታቸውን ግን እነግራችኋለሁ። ገላቸውን ያጠበቻቸው ሚስቴ ናት!»

ይኸኔ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ምነው ተለጉሞ በቀረ! «ደንቡ ንስሐ አባት ይላል እንጂ የአቶ አለነ ባለቤት አይልም» አልኩ። አቶ አለነ በአገውኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ አልተረጎሙልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እጅ ይነሣ ተባለ። ይሻሻል ያሉት ግራዝማችና አቶ አለነ ናቸው። አይሻሻል ያልነው አቶ ፈንታና እኔ። አዎን፣ እኔ። አቶ ፈንታስ ለገንዘቡ ሰግተው ነው፤ እኔ የሳሳሁት ለጽሕፈቴ ነበር። በዚያ በሚያምር ገጽ ላይ ስርዝ ድልዝ ሊገባ ነው ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ። እንግዲህ ታዘቡኝ።

ሁለት ለሁለት ሆነ። ምዕራቡ መጥቆር ጀምሯል። አምስተኛው ድምፅ የሬሳው ባለቤት ዘንድ ነውና ከሬሳው አጠገብ አስነሥተን አስጠራናቸው። አቶ ሐጎስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና ቆመው ነገሩን ሰሙ። እጃቸውን ብቻ ቢያነሡ ጡሩምባ ነፊው በሩ ላይ ዝግጁ ነው።

«ለራሴ ብዬ የምሽረው ሕግ የለም» አሉ። «አይሻሻል።»

«አንተ ሰው! የሞተችው እኮ ሚስትህ ናት!» ግራዝማች ጮኹ።

«አውቃለሁ፣ ግራዝማች» አሉና ተመለሱ።

ቀብሩ ያለ ጡሩምባና ያለ ድንኳን ሆነ። አቶ ሐጎስ ራሳቸው ከሳንቃ ያበጁትን የሬሳ ሣጥን አቶ አለነና ልጆቻቸው ከእሳቸው ጋር ተሸከሙት፤ ግራዝማች በዚያ ዕድሜያቸው መሐል ገብተው ትከሻቸውን ሰጡ። ሌላ ሰው ብዙም አልነበረም፤ አልሰማማ! ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። እኔም ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ነበር። አፈርኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ተሰብስበን አንቀጽ ሰባትን አሻሻልነው፤ የሁለት ጎረቤት ቃል ይበቃል ተባለ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ወሬው ሲሰማ ደግሞ «ለሚስቱ እንኳ ያልከፈተው ሰው የያዘው ገንዘብ!» እየተባለ እድራችን የሚገባው ሰው በዛ። አያችሁልኝ፣ ከወይዘሮ ለተብርሃን ሞት እንኳ አተረፍን።

አቶ ሐጎስ ግን አንቀጹ በተሻሻለበት ዕለት የእድሩን ሣጥን ተሸክመው የመጡት ሊያስረክቡ ነው። ቆጥረው አስረከቡ፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። አገራቸው ሊገቡ ነበር። ግራዝማች ለመኗቸው፣ ተቆጧቸው፤ አቶ ሐጎስ ከሐሳባቸው አልተመለሱም። የርክክቡን ወረቀት ጻፍኩላቸው። አጣጥፈው ኪሳቸው ከከተቱት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ያን ቀን አይሻሻል ብለህ እጅህን እንዳነሣህ ነግረውኛል» አሉኝ። «አትጨነቅ ልጄ፤ ልክ ነበርክ።»

በዚህ ዕድሜዬ ያልተሰደብኩት ስድብ የለም። በገበያ ተሰድቤአለሁ፣ በችሎት ተሰድቤአለሁ፣ በገዛ ቤቴም ተሰድቤአለሁ። ሁሉም እያደር በኗል። በአቶ ሐጎስ «ልክ ነበርክ» ግን ይኸው እስከ ዛሬ እንደ ተሰደብኩ አለሁ።