አሸዋ ላይ የጸደቀው ብድር

ሰው ከሰው ጋር ለመግባባት አዳራሽ ያስፈልገዋል ያለው ማን ነው? በደርግ ዘመን ጋምቤላ ባንክ ውስጥ ስሠራ ስብሰባ ሞልቶን ነበር፤ ያጣነው መነጋገሩን ነው። ሰብሳቢው ይናገራል፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ ከዚያ ሁላችንም ወደ ማንጎው ጥላ እንሮጣለን። ያ ጥላ ዛሬም ይናፍቀኛል።

አንድ ዓመት ኑሮ ተወደደ፤ ከደጋ የሚመጣው ጭነት ቀረ፤ ገበያው ጭር አለ። ባንካችንም ደንግጦ ማበደር አቆመ። በዚህ መሀል የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ኦጁሉ መጣ። መረባቸው አልቋል፤ አዲስ ካልገዙ ማኅበሩ መፍረሱ፣ ልጆቻቸውም ጦም ማደራቸው ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ታደሰ፣ በዚያ ሙቀት ከረባት የማይፈቱ ሰው፣ ምን ዋስትና እንዳለው ጠየቁት። እስቲ አሁን ይሄ ይጠየቃል? መሬቱ የመንግሥት፣ ትርፍ ቤቱ የመንግሥት! ኦጁሉ «ባሮ አለ» አላቸው። አቶ ታደሰም ወንዝ በመያዣነት እንደማይመዘገብ በትዕግሥት አስረዱት።

ለጉዳዩ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ሲያብራራ መረብ የሚባል ነገር ሳይነሳ መሸ። አጨበጨብን። ስንወጣ ኦጁሉ የአቶ ታደሰን ክንድ ያዝ አድርጎ «አንተ ና፤ በዓይንህ እይ» አላቸው። አማርኛን የተማረው ገበያ ውስጥ ነውና «እርስዎ» ከምትባለው ቃል ጋር ገና አልተዋወቀም። እኔ ክው አልኩ። እሳቸው ግን፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ በማግስቱ እኔን አስከትለው ታንኳ ላይ ወጡ።

በጋ ስለነበር ባሮ ጎድሏል። ጥቂት እንደሄድን ታንኳችን አሸዋ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። ብትገፋ ብትገፋ ወይ ፍንክች! አቶ ታደሰ ወርደው እንዳያግዙ አዞ ፈሩ፤ እኔ የፈራሁትን አልናገርም። ኦጁሉ ማዶ ያለ ዘመዱን በአኙዋክኛ ተጣራና «ይመጣል» አለን። መቼ? ይመጣል።

ምን ይደረግ? ወሬ ተጀመረ። አቶ ታደሰ ከረባታቸውን ፈቱ። ኦጁሉ የተበጣጠሰውን መረብ ጭናቸው ላይ ዘርግቶ ዓሣው በየት በየት እንደሚያመልጥ አሳያቸው። «አንተ ልጆች አሉህ?» ሲላቸው፣ ደጋ የቀሩትን ልጆቻቸውን በየስማቸው ጠሩለት። ከዚያማ ለእኛ ለሠራተኞቻቸው እንኳ ተንፍሰውት የማያውቁትን አወጡ፦ ብሩ ካልተመለሰ እንጀራቸው እንደሚዘጋ።

«አንተ ብቻህን አትፈራም» አላቸው ኦጁሉ። «ሁላችን እንፈርማለን። አንዱ ቢያቅተው ሌላው ይከፍላል።»

ዘመድየው ደርሶ ታንኳችንን ሲጎትት ነገሩ አልቆ ነበር።

መረቡ ተገዛ። ገበያው እንደገና ዓሣ ዓሣ ሸተተ፤ ያንን ሽታ ዛሬ በምንም ሽቶ አልለውጠውም። ብድሩ ተከፈለ፤ የባንኩም በር ለሌሎች ማኅበራት ተከፈተ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ተደንቆ ከሕዝቡ ጋር በምን ዘዴ እንደተግባቡ አቶ ታደሰን ጠየቃቸው። እሳቸውም እውነቱን ሳይሸሽጉ ተናገሩ፤ ለወደፊቱም ለቅርንጫፉ አንዲት ታንኳ እንድትገዛ ለመኑ። መልሱ ብዙ አልቆየም፤ በመኪና ተጭኖ መጣ። ተጋግዘን አውርደን ማሸጊያውን ስንፈታው፣ ድምፅ ማጉያ ነበር።