መቶ ሃያ ፈረስ ለአስራ አምስት ማይል

[ስካይላይን ፎቆች ሥር ያለው ፓርኪንግ፤ የዲያስፖራ ሠርግ ጠዋት። የሙሽራዋ የዲና አጎት ገብረየስ፣ ትልቅ ሞተር ያስገባላትን ነጭ የድሮ ቮልስ ይወለውላል። የዲና የክርስትና አባት ልሳነወርቅ እቅፍ ሙሉ አበባ ይዞ ከመኪናዋ ፊት ቆሟል።]

ገብረየስ፦ ከፊት አይደለም አልኩህ! አበባው የሚለጠፈው ከኋላ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ቪዲዮ ቀራጩ እኮ ከፊታችን ነው የሚሄደው።

ገብረየስ፦ የቮልስ ሞተር የት ነው?

ልሳነወርቅ፦ ከኋላ።

ገብረየስ፦ እንግዲህ! አራት ወር ሙሉ አሌክሳንድሪያ ጋራዥ ውስጥ የተንከባለልኩበት ሞተር አበባ ይነሰው? ድሮ ሃምሳ የፈረስ ጉልበት ነበራት። አፕግሬድ አድርጌ መቶ ሃያ አስገባሁላት። ዲናን በዚች ነው ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት፤ ቃሌ ነው። ገባህ?

ልሳነወርቅ፦ ገባኝ። ሙሽራዋ ቸኩላለች ማለት ነው።

ገብረየስ፦ ኤጭ! ለምን ትቸኩላለች?

ልሳነወርቅ፦ ታዲያ መቶ ሃያው ለማን ነው? ቪዲዮ ቀራጩ እንደሆነ በሰዓት ከአስራ አምስት ማይል በላይ ከነዳችሁ አልቀርጽም ብሏል። ጆርጂያ አቬኑን በሙሉ ክላክስ እያደረግን ቀስ ነው።

ገብረየስ፦ ሃያ ዓመት ካምሪ ስትጎትት የኖርክ ሰውዬ ስለ ጉልበት አታስተምረኝ። ጉልበት ግርማ ሞገስ ነው! እንካ ቴፑን፣ ይሄን የሞተሩ ክዳን ላይ ያለውን ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ በአበባ ድፈነው።

ልሳነወርቅ፦ ሥራ የለውም?

ገብረየስ፦ መኪናዋን ከማስቀየም ሌላ ምን ሥራ አለው!

ልሳነወርቅ፦ እሺ፣ ራዲያተሯስ የታለ?

ገብረየስ፦ [ሆዱን ይዞ ይስቃል] ራዲያተር! አቤት አለማወቅ! ቮልስ ውሃ የሚባል ነገር አታውቅም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው።

ልሳነወርቅ፦ አየሩ በየት በኩል ይገባል?

ገብረየስ፦ አየር ቪዛ አይጠይቅም፣ በፈለገው ይገባል! ዩቲዩብ ላይ ሁለት መቶ ቪዲዮ ያየሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ለጥፍ!

[ልሳነወርቅ ይለጥፋል። ገብረየስ ሞተሩን አስነስቶ አሥር ደቂቃ ሙሉ ነዳጅ እየረገጠ ያሞቀዋል። የቆሙት መኪናዎች አላርም በየተራ ይጮኻል።]

ገብረየስ፦ ሰማህ ድምፅ?

ልሳነወርቅ፦ ይሸታል።

ገብረየስ፦ አዲስ ሞተር ነዋ!

ልሳነወርቅ፦ ያጨሳል።

ገብረየስ፦ አንተ ደግሞ፣ ጉልበት ሲበዛ...

[ሞተሩ ቋ! ብሎ ዝም ይላል። አበባው ጠቁሮ ይረግፋል። ገብረየስ ራሱን ይዞ አስፋልቱ ላይ ይቀመጣል።]

ገብረየስ፦ ጉድ ሆንኩ! አሁን ዲናን በምን ዓይኔ ነው የማያት? ምን እላታለሁ?

ልሳነወርቅ፦ ምንም አትበላት። ሄዳለች።

ገብረየስ፦ የት?

ልሳነወርቅ፦ ቤተ ክርስቲያን ነዋ። ቀዳዳውን ስንደፍን በፎቁ የኋላ በር ወጥታ፣ በልጄ በቤዚ መኪና።

ገብረየስ፦ አንተ ታውቅ ነበር?

ልሳነወርቅ፦ ከተስማማን አራት ወራችን።

ገብረየስ፦ አራት ወር ሙሉ በግራሶ ስጨማለቅ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ?

ልሳነወርቅ፦ እሷ ናት እንዳትነግሩት ያለችው። «ጋሼ ሞተር ላይ ከተጠመደ፣ ሠርጌ ላይ እንደ ልማዱ ለንግግር ማይክ አይይዝም» አለች።