አቶ ኒቆዲሞስ በወይዘሮ ጽጌሬዳ ወይን ላይ የዘመቱበት ቀን

በምስክር ወረቀታቸው በነገሡ በመጀመሪያው ዓመት፣ በኅዳር ወር በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐረር አቦከር በወይዘሮ ጽጌሬዳ ቤት ጠቡ ከተጀመረ ሁለት ብርጭቆ አልፎ ሳለ፣ የወይን ሊቅ፣ የቡሽ መክፈቻ ባለሟል፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ፍሬ የሆኑት አቶ ኒቆዲሞስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሦስተኛውን አዋጅ አስነገሩ፤ እንዲህ ሲሉ፦ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ይህ ወይን ታኒኑ በዝቷል፤ አሲዱ አልተመጣጠነም፤ አካልም የለውም!»

የዚህ ሥልጣን ምንጭ እንዲህ ነው። ጀግናው በመሥሪያ ቤታቸው የንብረት ክፍል ሹም ሳሉ፣ መሄድ የነበረበት ሰው ስለታመመ በእሱ ፈንታ ተልከው፣ ድሬዳዋ ወርደው፣ ስለ መስተንግዶ ሦስት ቀን ተምረው፣ ሃያ ስድስት የወይን ቃላት በደብተር ማርከው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አምቦ ውሃ እንኳ ሳያሸቱ አልጠጡም። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነበር፦ በቀኝ፣ ምንም ቢባል ራሱን የሚነቀንቀው ሄኖክ፤ በግራ፣ ብርጭቆው በተሞላ ቁጥር ወገን የሚለውጠው ለማ፤ ከኋላ ማንም አልነበረም።

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ግን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲደግሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። የሚካኤል ማኅበር ደንብም ሚስት በሟች ባሏ ተራ ስትደግስ፣ ጽዋዋን ማኅበርተኛው ሁሉ ከተቀበላት በቦታው ትጻፋለች፤ አንድ ሰው እንኳ ከመለሰባት ግን የባልዋ ስም ከመዝገቡ ይፋቃል የሚል ነው። ስለዚህ ወይዘሮዋ ጊደር መጋላ ገበያ ወርደው፣ ነጋዴዋ ናፊያ «ወላሂ፣ ይህን ለልጄ ሰርግ ነበር ያስቀመጥኩት!» ብላ በገበያው ፊት እያወጀች ከከረጢቱ ሥር የዘገነችላቸውን ዘቢብ ገዝተው፣ ዘፍዝፈው፣ በጋን አብላልተው፣ ሦስት ጊዜ አጥልለው፣ አርባ ቀን ጠበቁት።

ወእምዝ ጀግናው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥተው አራተኛውን አዋጅ አወጁ፦ «ከሥሩ ዝቃጭ አያለሁ! ይህ ወይን ዲካንት ተደርጎ ከዝቃጩ አልተለየም!»

በዚህ ጊዜ ጠላ በመጥመቅ አርባ ዓመት የቆዩት እትዬ ትዕግሥት ከማዶ ሆነው አጸፋውን አወጁ፦ «አተላ ነው፣ ኒቆዬ! አተላ! አባትህ ድሬዳዋ ሳይወርድ ያውቀው ነበር። አካል የለውም ያልከውም እንደሆነ፣ አካሉን አንተ ወስደኸው ነው፤ የተቀመጥክበትን ወንበር ጠይቀው!» ሄኖክም በልማዱ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያም መምሬ ኤልሳዕ ጽዋውን ባረኩ፤ ወይዘሮ ጽጌሬዳም እንደ ደንቡ አስቀድመው በመዳፋቸው አፍስሰው ቀመሱና ለማኅበርተኛው አዞሩ። ሁሉም ተቀብሎ ጠጣ። ተራው ከጀግናው ሲደርስ ጽዋውን አዟዟሩት፤ አፍንጫቸውን ከተቱበት፤ ተጎነጩና ጉንጫቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ካንቦጫቦጩ በኋላ፣ ከዚያ በፊት በዚያ ማኅበር ማንም ያልደፈረውን ደፍረው፣ በባዶ ሲኒ ውስጥ ተፉት። «የቀማሽ ሕግ ነው! ሊቃውንት አይውጡም!» ሲሉም አወጁ።

 ወይዘሮ ጽጌሬዳ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቀሩ፤ ዓይናቸው የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ከሆኑት ከአቶ አባይነህ ጉልበት ላይ፣ ከመዝገቡ አልተነሣም። የባላቸው ስም በሦስተኛው መስመር ነበር።

አቶ አባይነህ ብዙ አሰቡ። ከዚያም በዕለቱ የመጨረሻ የሆነው አዋጅ ወጣ፦ «ስማ! ጽዋ ተመለሰ የሚባለው አፍ ሳይነካ ሲቀር ነው፤ ይህ ግን አፍ ገብቷል። ስለዚህ ጽጌሬዳ በባሏ ቦታ ትጻፍ። የተባረከ ነገር ደግሞ በእግር አይረገጥም፤ ኒቆዲሞስ ወይ መልሶ ይዋጠው፣ ወይ የሰው እግር ያልረገጠው መሬት ፈልጎ ያፍስሰው!»

ጀግናው ሲኒውን አዩት። ከሃያ ስድስቱ ቃላት አንዱም ለዚህ አልተሠራም። ሄኖክን ቢያዩ ራሱ ቀጥ ብሏል፤ ለማ እትዬ ትዕግሥት አጠገብ ተቀምጦ ብርጭቆውን ዘርግቷል።

እንግዲህ እኚህን ማን ይስተካከላቸዋል? ከሌላ ሰው በተረፈ ወንበር ሊቅነትን የወረሱ፤ ያልዋጡትን የፈረዱ፤ የአርባ ቀን ልፋት በአንድ ትፋት የመዘኑ፤ ያልተረገጠ መሬት ፍለጋ ያለ ስንቅና ያለ ደጀን የዘመቱ! ዝናቸው ይስፋ፤ ሲኒያቸውም አይፍሰስ።

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ስማቸው ሲጻፍ እልልታው ቀለጠ፤ ማንቆርቆሪያውም ሁለተኛውን ዙር ጀመረ፤ እትዬ ትዕግሥትም ጉድ የሆነ ወይን ነው እያሉ ያስጨምሩ ጀመር። አቶ ኒቆዲሞስ ሲኒያቸውን በሶፍት ከድነው፣ ጫማቸውን በጭፍን በእግራቸው ፈልገው፣ በሩን ከውጭ መለስ አድርገው ወደ ሐኪም ጋራ ኮረብታ በኩል ሄዱ።