ተራ አባል

አንባቢ ሆይ፣ ተራ የፓርቲ አባል አይተው ያውቃሉ? እኔ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ እዚሁ በስደት ከተማችን ኮሎምበስ፣ ሞርስ ሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ።

ፓርቲያችን ማኅተምም ምዝገባም አለው፤ ሰው ግን ሰባት ነን፣ ሰባታችንም አመራር። እኔ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ነኝ። አንድ እሑድ ምግብ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ሰይድ የሚባል የዕቃ መጋዘን ሠራተኛ ከነሥራ ልብሱ ገባ።

"ፓርቲውን ጆይን ላደርግ ነበር" አለ።

"በምን ኃላፊነት?" አሉ ሊቀመንበራችን ጋሼ ታደሰ።

"ኧረ ተራ አባልነት ይበቃኛል፣ ጋሼ።"

ሥልጣን የማይፈልግ ሰው ምን ፈልጎ ይመጣል? ገሚሶቻችን "ሰርጎ ገብ ነው" አልን፤ ገሚሶቻችን "ሹመት ይሰጠውና እንመነው" አልን። ነገሩ ከረረ። ምክትል ሊቀመንበሩ ሦስት ሰው አስከትለው ወጡ፤ በሳምንቱም የራሳቸውን ፓርቲ አወጁ።

ሰይድ ግን ያን ዕለት፣ እነሱ እንደወጡ፣ የተበታተኑትን ወንበሮች ወደ ቦታቸው ሲመልስ ቆየና ወደ እኔ መጣ።

"ይቅርታ፣ ሊቀመንበር የምንመርጠው መቼ ነው?"

ፕሮግራማችንን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩለት። "ምርጫ" የሚለውን ቃል ያገኘሁት መንግሥትን በምናወግዝበት ገጽ ላይ ብቻ ነው።