ሁለት ጠቋሚዎች በጎማ ቤት ውስጥ

እኔ ጠቋሚ እወዳለሁ።

አትደንግጡ። የእኔ ዕድሜ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ዙሪያውን ገልመጥ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። እኔም አደርጋለሁ። ታላቅ ወንድሜን ከቤት ያስወጣው የጠቋሚ ጣት ነው። አልተመለሰም። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልልም። የማወራችሁ ስለ ሌሎቹ ነው፤ አንዷ ከጣሪያ፣ አንዷ ከወለል አጠገብ ሆነው ስለሚጠቁሙት።

ያኔ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ባትሪ ቤት ነበር የምሠራው። ባትሪ የሚሸጥበት እንዳይመስላችሁ። የደከመ የመኪና ባትሪ የሚሞላበት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ባለቤቱ ጋሽ እንድሪስ ስለ ባትሪ ሲያወሩ ስለ ከብት የሚያወሩ ይመስላሉ። “ይሄ ጠምቶታል፣ አጠጣው” ይላሉ። “ያኛው አርጅቷል፣ አታድክመው።” አንድ ሹፌር ባትሪውን ሊወስድ መጥቶ፣ “ጋሽ እንድሪስ፣ ተነሣልኝ ወይ?” አላቸው። “ተነሥቷል፤ ግን ዳገት እንዳታሳየው” አሉት። ደሴ ውስጥ ዳገት የሌለበት መንገድ የት አለ? ሰውየው ባትሪውን ታቅፎ ብዙ ቆመ።

ባትሪ ሲሞላ ይፈላል። ሲፈላ የሚተፋው አየር ክብሪት ካየ ይፈነዳል። አንድ ቀን አንዱ ሲጋራ እያጨሰ በራችን ላይ ቆመ። እንደ ጋሽ እንድሪስ የዘለለ ሽማግሌ በሕይወቴ አላየሁም። ሲጋራውን ከአፉ ነጥቀው ውሃ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ረጋ ብለው፣ “አሁን አሰላሙ አለይኩም” አሉት።

ኑሮዬን ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። አሲድ ጨርቅ ይበላል። ሱሪዬ ደግሞ አንድ ናት። ጉልበቷ ወንፊት ሆኗል። የደሴ ብርድ መግቢያውን በደንብ አውቆት ነበር። ስብሰባ ሲጠራ ሁልጊዜ ከኋላ እቆማለሁ። ሰው “ትሑት ልጅ ነው” ይለኝ ነበር። የሚያቆመኝ ሱሪዬ መሆኑን ማን ያውቃል?

በድርቁ ዘመን ነው። ኮምቦልቻ ላይ የውጭ ሰው በዝቷል። አንድ ጠዋት ከዚያ ሹፌር መጣ። አንዲት የውጭ አገር ነርስ የምትኖርበት፣ በመኪና የሚጎተት ቤት አለ አለን። ባትሪው ሞቷል፤ ቤቱም ቀኑን ሙሉ “ጢጥ ጢጥ” እያለ ሴትዮዋን ሊያሳብዳት ነው። ጋሽ እንድሪስ እኔን ላኩኝ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ይህ በባትሪ ቤት ደረጃ ትልቅ ሊቅነት ነው።

የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ደሴ ላይ ተከናንቤው የተነሣሁትን ጋቢ ኮምቦልቻ ስደርስ ታቅፌው ነበር።

ቤቱ ነጭ ነው፤ ጎማ አለው። የሰፈሩ ሰው “የጎማ ቤት” ይለዋል። ከደጁ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች ተሰልፈዋል፤ ሲስተር ክትባት የምትሰጠው እዚያው ነው። ውስጡ ያለው ሁሉ ይታጠፋል። አልጋው ታጥፎ መቀመጫ ይሆናል፤ መቀመጫው ሲነሣ ከሥሩ ባትሪ ይገኛል። እኛ ስምንት ሆነን ያደግንባት ክፍል እንዲህ ብትታጠፍ ኖሮ ስንት ነገር በቀለለ!

ሲስተር አማርኛ ትሞክራለች። ችግሯ ለወንዱም ለሴቱም “አንቺ” ማለቷ ነው።

“አንቺ የባትሪ ሐኪም ነሽ?” አለችኝ።

ነኝ አልኩ።

የሚጮኹትን አሳየችኝ። ከጣሪያው ላይ የሻይ ሰሃን የምታህል ክብ ነገር ተለጥፋለች፤ ጭስ ሲመጣ ትጮኻለች። ከወለሉ አጠገብ ደግሞ የሳሙና ሳጥን የምታህል አለች፤ ከምድጃው ቡታጋዝ ሲያመልጥ ትጮኻለች። ለምን ታች ሆነች? ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል። የታችኛዋ በቤቱ ትልቅ ባትሪ ነው የምትሠራው። የላይኛዋ የራሷ ትንሽ ባትሪ አላት። ሁለቱም ባትሪያቸው ሲደክም “ጢጥ” ይላሉ።

ትልቁን ባትሪ ተሸክሜ ደሴ ወጣሁ፤ ሞላሁት፤ በማግስቱ መለስኩት። ቸኩዬ ገና ትፋቱ ሳይወጣለት ከመቀመጫው ሥር ከትቼ፣ ሽቦውን አገናኝቼ ዘጋሁበት። ብዙም አልቆየች፤ የታችኛዋ ሳጥን ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት አሰማች። መጀመሪያ የጠቆመችው እኔኑ ነው! መቀመጫውን አንሥቼ በሩን ከፋፍቼ አናፈስኩት። ዝም አለች። ያን ቀን ወደድኳት። ዘመድ አታውቅም። ቂምም የላትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ከውጭ ሰው ቤት ገብቶ የሚወጣ ሠራተኛ ያየውን ለቀበሌው ኮሚቴ በጽሑፍ ማቅረብ ነበረበት። የእነዚያን ሳጥኖች ስም በአማርኛ ማን ያውቃል? ሲስተር መዝገበ ቃላቷን አመጣች። ገለጥን። “መርማሪ” ይላል። ቀጥሎ “ጠቋሚ” ይላል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል? እስቲ እናንተ ፍረዱ። እኔ መርማሪን ፈራሁ። ጠቋሚ ብዬ ጻፍኩ።

ነገር ማሳጠር ልማዴ ነው። የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ “በቤቱ ውስጥ ሁለት ጠቋሚዎች አሉ። አንዱ ከጣሪያ፣ አንዱ ከወለል አጠገብ ነው። በጣሪያ ያለው ደክሟል። ሁለቱም የሚጠቁሙት ለሲስተር ነው።”

በነጋታው ተጠራሁ።

የኮሚቴውን ሊቀመንበር ስሙን አልጠራም፤ ልጆች አሉት። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ወረቀት ተዘርግቷል።

“በጣሪያ ያለው ማን ነው?” አለኝ።

“ዕቃ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“ዕቃ እንዴት ይደክማል?”

“ባትሪው ነው የደከመው።”

“ምንድን ነው የሚጠቁመው?”

“ጭስ።”

“የማን ጭስ?”

የማንም ጭስ ነው አልኩ። ለውጭ ዜጋ ስለ አገራችን ጭስ ይጠቁማል ማለት ነው ወይ አለኝ። አዎ ብል ጉድ፣ የለም ብል የጻፍኩት ጉድ። አጠገቡ የተቀመጠው ጸሐፊ ጎንበስ ብሎ፣ “ጓድ፣ ሬድዮ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ጢጥ ጢጥ ሲል እኔም ከአጥር ውጭ ሰምቼዋለሁ” አለው።

ፍርዱ አጭር ነበር። ሐሙስ ኮሚቴው የጎማ ቤቱ ድረስ ይመጣል። ሳጥኖቹ ጭስና ጋዝ ከጠቆሙ፣ ጠቆሙ። ካልጠቆሙ ሬድዮ ናቸው። ሬድዮ ከሆኑ ቤቱ ይታሸጋል፤ እኔ እገባለሁ። የት እንደምገባ አልጠየቅኩም። ወንድሜ የገባበት ነው።

አሁን ችግሬን ተመልከቱ። የታችኛዋ ደኅና ናት። የላይኛዋ ግን ባትሪዋ አልቋል። አራት ማዕዘን ሆና አናቷ ላይ ሁለት ቁልፍ ያላት ትንሽ ባትሪ ነው የምትፈልገው። ደሴን በሙሉ ዞርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ያየም የሰማም የለም። ጀርባዋ ላይ ዘጠኝ ቮልት ይላል። የሬድዮ ድንጋይ አንዱ አንድ ተኩል ነው። ስድስቱን ጫፍ ለጫፍ ብደረድር ዘጠኝ ይሞላል። ስድስት ድንጋይ ግን ከየት ይምጣ? ድንጋይ የጠፋበት ጊዜ ነው።

ለጋሽ እንድሪስ ነገርኳቸው። ተነሡ፤ ሬድዮናቸውን ገልብጠው አራቱን ድንጋይ አወጡ። ዜና ሳይሰሙ የማይውሉ ሰው ናቸው።

“እርስዎስ ጋሽ እንድሪስ?” አልኳቸው።

“እኔስ ምን እሆናለሁ? ዓለም እስከ ሐሙስ ያለ እኔ ትቆይ። አብሽር ልጄ!” አሉኝ።

የቀሩትን ሁለት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከእጅ ባትሪው አውጥቶ ሰጠኝ። ስድስቱም የደከሙ ነበሩ። ለደከመ ድንጋይ መድኃኒቱ ፀሐይ መሆኑን ታውቃላችሁ። የደሴ ፀሐይ ለዚህ አትሆንም፤ ረቡዕን ኮምቦልቻ ሄጄ የጎማ ቤቱ ጣሪያ ላይ አሰጣኋቸው። ሲስተር እንደ በርበሬ ስገለባብጣቸው እያየች ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በጋዜጣ ጠቀለልኳቸው፤ በጎማ ላስቲክ ግጥም አድርጌ አሰርኳቸው፤ ከሁለቱ ጫፍ ሁለት ሽቦ አወጣሁ። ከላይኛዋ ሳጥን ጋር አገናኘኋቸው። የመሞከሪያ ቁልፏን ስጫን አንድ ጊዜ “ጢጥ” አለች። ሌላ አልሞከርኩም። ጉልበቷን ለሐሙስ ቆጠብኩላት።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው መጣ። አምስት ናቸው። ሊቀመንበሩ ከፊት ገባ፤ ቀና ሲል ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ጥቅልና ሁለቱን ሽቦ አየ። ባለበት ቀረ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። በሬድዮ ተከስሼ ፈንጂ የሚመስል ነገር ሰቅዬ ጠበቅኳቸው!

“ድንጋይ ነው፣ ጓድ” አልኩ። “የሬድዮ ድንጋይ።”

“ሬድዮ አይደለም ብለህ አልነበረም?” አለ ጸሐፊው።

ክርክር ውስጥ አልገባሁም። ጣሳ ውስጥ ርጥብ ሣርና ወረቀት አድርጌ ለኮስኩ። ጭሱ ወጣ። ጣሪያውን ነካ። ምንም የለም። ጸሐፊው ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ሲስተር ከንፈሯን ነከሰች። በደሴ የተለመኑት ስድስት ድንጋዮች በዓይኔ መጡብኝ።

ከዚያ ጮኸች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያች የሻይ ሰሃን የከተማ ሳይረን ሆነች። ኮሚቴው አጀንዳውን ጥሎ ወደ በሩ ተግተለተለ። በሩ ለአንድ ሰው ነው የተሠራው፤ አምስቱ በአንድ ጊዜ ሊወጡ ሞከሩ። ሊቀመንበሩ ወፈር ያለ ሰው ነው፤ ተጋፍቶ በምድጃው በኩል አለፈ። ከደጅ የተሰለፉት እናቶች ሳቁ። አንዷ፣ “ክትባት ፈርተው ነው!” ስትል ሰማሁ።

ጣሳውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ነከርኩ። ጭሱ ሲወጣ ሳጥኗ ዝም አለች። እኔ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ ኮቱን አራገፈ፤ ላለመሳቅ ጥቂት ታገለ፤ አቃተው፤ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ሲስቅ ኮሚቴውም ሳቀ። ጥቂት ቆይተን ተመልሰን ገባን።

“በል እንግዲህ፣ አንደኛው ጠቁሟል” አለ። “የእኔንስ ሲጋራ ይጠቁም እንደሆነ እንይ።” ሲጋራውን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ክብሪቱን አወጣ።

የታችኛዋ ሳጥን ጮኸች።

“አሁን ደግሞ ምን ነካት? ገና አልለኮስኩም እኮ!” አለና የክብሪቷን እንጨት ከቀፎው ላይ አስጠጋ።

እጁን መታሁት።

በዚያ ዘመን የሊቀመንበር እጅ መምታት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ክብሪቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጸሐፊው ነው መጀመሪያ የተናገረው። “ጓድ ሊቀመንበር፣ እጅዎን መታው እኮ!”

“አውቃለሁ። እጄ ነው” አለው ሊቀመንበሩ።

ሲስተር ምድጃው ላይ ደረሰች። አንደኛው መዘውር ተከፍቷል። ቅድም ሲጋፉ የሊቀመንበሩ ዳሌ ነው የከፈተው። እሳት የለም፤ ጋዙ ብቻ እየወጣ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ዘጋችው። መስኮቱን በረገደች። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ በዚያ አማርኛዋ ጮኸችበት።

“አንቺ ክብሪት! አንቺ ሞተሻል! ሁላችን ሞተናል!”

“አንቺ” የተባለው ሊቀመንበር አልተቆጣም። ተከታትለን ወጣን። ደጅ ቆሞ ከቀፎው የቀሩትን ክብሪቶች አየ፤ የተሰለፉትን ሕፃናት አየ። ከዚያ ቀፎውን በእጄ ላይ አኖረ።

“ያዝልኝ” አለኝ።

ቤቱ አልታሸገም። እናቶቹ ሰልፋቸውን ያዙ። ቤቱ ሲናፈስ ሲስተር በዚያው ምድጃ ሻይ አፍልታ አጠጣችን። እኔም አልገባሁም። ወደ ደሴ ስመለስ የእህል መኪና ላይ ከጆንያው አናት ተቀምጬ ነበር። ሱሪዬ ንፋስ ያስገባል፤ አልበረደኝም። ሐረጎን ስንወጣ ዘፈንኩ። ዘፋኝ አይደለሁም፤ ሹፌሩም ነገረኝ። ጋሽ እንድሪስ ሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር። አቀፉኝ፤ “አልሐምዱሊላህ!” አሉ። ቀጥለውም ድንጋዮቼስ አሉኝ።

እኔ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ያ ጸሐፊ ግን ቃለ ጉባኤ ጽፎ ኖሯል።

ደርግ ወደቀ። የድሮ ዶሴዎች መከፈት ጀመሩ። ማን ማንን እንዳስያዘ ሲጣራ እኔም ተጠራሁ። በነፃ ወጥቻለሁ፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። መርማሪው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። ወረቀቱን አነበበልኝ። ማኅተም አለው። “በሰይድ ጥቆማ መሠረት ጋዙ ወዲያውኑ በቁጥጥር ሥር ውሏል” ይላል።

“ሰይድ አንተ ነህ?” አለኝ።

ነኝ አልኩ።

“ይህ ጋዙ የሚባለው ሰው ተደብቆ ነበር?”

“አምልጦ ነበር።”

“ከያዛችሁት በኋላስ ምን አደረጋችሁት?”

“አቃጠልነው።”

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

“ለምን?” አለኝ ቀስ ብሎ።

“ሻይ ልናፈላበት” አልኩት።